ከታሸገው ቢሮ የሚወጣው ስሌት

ዶክተር አንዳርጋቸው የመጨረሻዋን እሑድ እንዴት እንደዋሉ ሁለት ወሬ አለ።

አንዱ የባለቤታቸው የወይዘሮ ሸዋዬ ነው። እሳቸው እንደሚሉት ዶክተሩ አመሻሽ ላይ ከሐይቁ ሲመለሱ ፊታቸው ፈክቶ ነበር። ማዕድ ቀርበው ከወትሮው አብልጠው በሉ። "ሸዋዬ፣ ጽሑፉ አልቋል፤ ልጁም ደርሷል፤ ዘንድሮ ክረምቱን ከሐይቁ ማዶ ደልጊ እናሳልፋለን" አሉ። ከዚያ ተኙ፤ ጠዋት አልነቁም። ሥራውን ፈጽሞ የሚሄድ ሰው እንዲህ ነው፣ ሞቱም እንደ እንቅልፍ ይቀልለታል፣ ይላሉ ወይዘሮ ሸዋዬ።

ሌላው የአብሮ አደጋቸው የጋሽ ሰላህ ነው። ጋሽ ሰላህ ወደቡ አጠገብ የጀልባ ሞተር መለዋወጫ ይሸጣሉ። እሑድ እሑድ ከሰዓት ዶክተሩን በጀልባቸው ይዘው ሐይቁ ላይ መውጣት የብዙ ዓመት ልማዳቸው ነበር። "ያን ቀን አንዳርጋቸው ደህና ሰው አልነበረም" ይላሉ። "ሁለት ሰዓት ሙሉ ውኃ ውኃውን እያየ ተቀመጠ። በመጨረሻ 'ቁጥሩ አይቆምም፣ ሰላህ' አለኝ። የምን ቁጥር ብዬ ብጠይቀው ወደ ውኃው ዞረ።"

ሁለቱም ወሬ የተነገረው በአንድ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ በአንድ ከሰዓት ነው። ምናሴ ሁለቱንም ሰማ። ሁለቱም ተናጋሪዎች ሽማግሌ ሆነው ቢቀመጡ ቃላቸው የሚታመን ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ አንዳቸውን ዋሹ ለማለት ልቡ እምቢ አለው። እውነቱን ማወቅ ግን ከለቀስተኛው ሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው እሱን ነበር። ወይዘሮ ሸዋዬ "ልጁ" ሲሉ የጠሩት እሱን ነው። ጋሽ ሰላህ ያነሱት ቁጥርም የእሱ ነው።

ምናሴ ከባሕር ዳር አጠገብ ባለችው መሸንቲ ተወልዶ ያደገ፣ ከተማው ኮሌጅ ገብቶ በዚያው የቀረ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ነው። የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቱን የሠራው በዶክተር አንዳርጋቸው አማካሪነት ነው። ጥናቱን ለፈታኞች አቅርቦ ካለፈ በዚያው ኮሌጅ መምህር ሆኖ ይቀጠራል፤ ካዘገየ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ጥናቱ ደግሞ በአንዲት ቁጥር ላይ የቆመ ነው፤ በአራት ነጥብ ሦስት አንድ።

ቁጥሯ የአንድ ሃድሮን ግዝፈት ናት። ሃድሮን የሚባሉት እንደ ፕሮቶን ያሉ ከኳርኮች የተሠሩ ቅንጣቶች ናቸው። ኳርክ ተነጥሎ ለብቻው ስለማይገኝ የአንድን ሃድሮን ግዝፈት ክፍሎቹን ደምሮ ማወቅ አይቻልም። የድምር ሕግ የሚሉት መንገድ ነገሩን ከሁለት ወገን ያየዋል። በአንደኛው ወገን ኳርኮቹና ባዶው ቦታ አሉ፤ ባዶ መባሉ ለስሙ ነው እንጂ በውስጡ የረጋ ነገር አለ፤ እሱም ይቆጠራል። በሌላው ወገን ቅንጣቱ አለ፤ ከጀርባው ደግሞ ከአንድ ወሰን በላይ የሚርመሰመሰው ሌላው ሁሉ፣ ዶክተሩ "ግርግሩ" የሚሉት አለ። ሁለቱ ወገኖች እኩል ይደረጋሉ፤ ከዚያ ውስጥ ግዝፈቱ ይወጣል።

ችግሩ ወሰኑን የሚያስቀምጠው አስሊው ራሱ መሆኑ ነው። የሚያይበትንም መስኮት የሚቆርጠው እሱው ነው። ዶክተር አንዳርጋቸው ይህን ሲያስተምሩ ተማሪዎቻቸውን በጠዋት ወደ ሐይቁ ዳር ይወስዱ ነበር። ጉም በተኛበት ጠዋት ከደንገሉ ማዶ አንድ ጥቁር ነገር ይታያል። "ያ ታንኳ ነው?" ይላሉ። ተማሪው ነው ይላል። "ከምታየው ውስጥ ስንቱ ታንኳ፣ ስንቱ ጉም ነው?" ይላሉ። "ግማሹ እንኳ ታንኳ ካልሆነ፣ ያየኸው ጉም ነው። ጉም ደግሞ በጣም የረጋ ነገር ነው፤ አይንቀሳቀስም፤ ስለረጋ ብቻ ታንኳ አይሆንም። መጀመሪያ መስኮትህን ቁረጥ፣ ከዚያ እይ። አይተህ መስኮት አትቁረጥ።"

ምናሴ ይህን በቃሉ ያውቀው ነበር።

ዶክተሩ በሞቱ ማግስት የኮሌጁ ንብረት ክፍል ቢሯቸውን አሸገ። ደንቡ ነው፤ ወራሽ ባለበት በኮሚቴ ተከፍቶ ርክክብ እስኪደረግ ድረስ በሩ ላይ ማኅተም የተመታበት ወረቀት ይለጠፋል። አሻጊዎቹ ወደ ውስጥ አልገቡም። የበራውን ያጠፋ፣ የተሰካውን የነቀለ የለም።

በሳምንቱ ወሬ ተነሣ። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ከታሸገው ክፍል ድምፅ ይሰማል ተባለ። መጀመሪያ የሆነ ነገር ያጉረመርማል፤ ጥቂት ቆይቶ ወረቀት ሲንሸራተት ይሰማል፤ ከዚያ ጸጥ። ጽዳት የምትሠራው እናትዓለም የኮሪደሩን ያንን ጫፍ መጥረግ ተወች። "ዶክተር እየሠሩ ነው፤ ሰው ሲሠራ አይረበሽም" አለች፤ ጂን ነው ያለም ነበር። ሻይ ቤት ተቀምጠው የሳቁባት መምህራንም ቢሆኑ በዚያ በር በኩል ብቻቸውን ማለፍ ቀስ በቀስ ቀነሱ። የዚያን ሰሞን መብራት በቀን አንዴ ሳይጠፋ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነበር።

ምናሴ ድምፁ የፕሪንተር መሆኑን ያውቃል። ያላወቀው ምን እንደሚያትም ነው። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ መብራት ሲመጣ እዚያው በሩ ፊት ቆሞ ነበር። ጉርምርምታው ተሰማ። ወረቀቱ ሲወጣ ተሰማ። ከዚያ ወረቀቱ ሞልቶ ከተረፈው ክምር ላይ ተንሸራቶ ሲወድቅ፣ ወለሉንም እየዳሰሰ ሲመጣ ሰማ፤ ጫፉ በበሩ ሥር ባለው ስንጥቅ ብቅ አለ። ተንበረከከ። ጣቱን ቢሰድ አይደርስበትም። ግን የታተመው የመጀመሪያው መስመር ይታያል።

"ለምናሴ" ይላል።

ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈና ደረጃውን ወርዶ ሄደ። ለማንም አልተናገረም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን የተከራየበት ግቢ ውስጥ መብራት ሲመጣ የአከራዩ ማቀዝቀዣ ማጉረምረም ሲጀምር እጁ ላይ ያለውን ነገር ያስቀምጣል። ዝም ብሎ ይጠብቃል። ወረቀት አይመጣም፤ ቢሆንም ይጠብቃል።

ለምን እንደፈራ እሱ ያውቃል። በታኅሣሥ ወር ከውጭ አገር አንድ ወሬ መጥቶ ነበር። አንድ ትልቅ ቤተ ሙከራ በአራት ነጥብ ሦስት አካባቢ አዲስ ቅንጣት ያየ ይመስለዋል ተባለ። ምናሴና ዶክተሩ ሲያሰሉት የከረሙት ቅንጣት የሚመስል ነው። በስምምነት ባስቀመጡት ወሰን የእነሱ ስሌት አልረጋም፤ የሚወጣው መስመር እንደ ዳገት ሽቅብ ይሄዳል። ምናሴ አንድ ከሰዓት ብቻውን ተቀምጦ ወሰኑን ገፋ አደረገው፤ መስኮቱንም ወደ ቀኝ አሸሸው። መስመሩ እንደ ጠዋት ሐይቅ ጠፍጣፋ ሆነ። ግዝፈቱ አራት ነጥብ ሦስት አንድ አለ።

የቅንጣቱ ድርሻ በሠንጠረዡ የመጨረሻ ዓምድ ላይ ነበር። አሥራ ዘጠኝ በመቶ ይላል። የቀረው ሰማንያ አንድ በመቶ ግርግር ነው ማለት ነው። ምናሴ ሠንጠረዡ ከገጹ ስፋት ስለበለጠ ያንን ዓምድ ቆረጠው። እውነትም ከገጹ ስፋት በልጦ ነበር። በኋላ በሌላ ሠንጠረዥ አስገባዋለሁ ብሎ ለራሱ ነገረ። ከዚያ ሮጦ ሄዶ "ዶክተር፣ ረጋ" አላቸው።

ዶክተሩ ከወንበራቸው ተነሥተው አቀፉት። በሦስት ወር ጽሑፉን ጻፉት፤ የሁለቱን ስም አስፍረው ላኩት፤ መጽሔቱም ተቀበለው። ምናሴ ዓምዱን የሚመልስበት ቀን ሳይመጣ ቀረ።

የርክክቡ ቀን ማክሰኞ ሆነ። ጥናቱን የሚያቀርበው በዚያው ሳምንት ሐሙስ ነው። ወይዘሮ ሸዋዬ ጥቁር ለብሰው መጡ፤ ካርቶን እንዲይዝላቸው ምናሴን ጠሩት። ከንብረት ክፍል ሁለት ሰዎች ቃለ ጉባኤ ይዘው ቆሙ። የኮምፒውተር ቤተ ሙከራ ኃላፊዋ ጀሊላም ማሽኑን ልትረከብ መጣች። ጀሊላ የጋሽ ሰላህ ልጅ ናት፤ ፊዚክስ ያጠናችው ዶክተሩ ከልጅነቷ ጀምሮ ስለወተወቷት ነው፤ ከምናሴ ጋርም አንድ ክፍል ተምረዋል።

እሽጉ ተቀደደ። በሩ ሲገፋ በወረቀት ላይ ተንሸራተተ።

ወለሉ ነጭ ነበር። ጠረጴዛው ሥር፣ ወንበሩ ላይ፣ መደርደሪያው እግር ሥር ወረቀት ነው። ከንብረት ክፍል ከመጡት አንዱ በአፉ የሆነ ጸሎት ቢጤ አነበነበ።

ጀሊላ አንዱን አነሳች። ኮምፒውተሩን ነካካች፤ ጥቂት አነበበች፤ ሳቀችና ወዲያው ሳቋን ዋጠች። "ጂን ነው ስትሉ የከረማችሁት ይሄን ነው? ጂን የፕሪንተር ቀለም አይጨርስም።"

"ምንድን ነው ልጄ?" አሉ ወይዘሮ ሸዋዬ።

"ጋሽ አንዳርጋቸው ያዘዙት ሥራ ነው፣ እማማ። አንድ ስሌት በተለያየ ወሰን እየደጋገመ እንዲሠራ አዘውታል። መብራት ስለሚያስቸግር አንድ በአንድ ነው ያደረጉት። ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ያለፈውን አትሞ የሚቀጥለውን ይጀምራል። ያስቆመው ሰው ስላልነበረ ሲሠራ ከረመ፤ በቃ።"

"እሱ የጀመረውን ሳይጨርስ አይተውም ነበር" አሉ ወይዘሮ ሸዋዬ፤ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

ሰው ሁሉ እፎይ አለ። ምናሴን ግን ምክንያቱ ሲታወቅ ባሰበት። ጂን ቢሆን ደብተራ ይፈለግለታል። ይኼ ግን የሰው እጅ ያዘጋጀው፣ ሰው ያሰበበት፣ ስም ተጽፎ የተላከ ነገር ነው። ተንበርክኮ ወረቀቶቹን ሰበሰበ። ሠላሳ አንድ ናቸው። በእያንዳንዱ ራስጌ "ለምናሴ" ይላል። ከሥሩ ሦስት ቁጥር፦ ወሰን፣ ግዝፈት፣ ድርሻ። ከግርጌ ደግሞ "የምናሴ መልስ" ይልና ነጥብ ነጥብ የተደረገበት ባዶ መስመር አለ።

በተራ ደረደራቸው። ወሰኑ አንድ እርምጃ ከፍ ሲል ግዝፈቱም አብሮ ከፍ ይላል፤ ውሻ ጌታውን እንደሚከተል ይከተለዋል። የሚቆምበት ቦታ የለም። ድርሻው ከአሥራ አራት ተነሥቶ እስከ ሠላሳ ስምንት ይወጣል። ከሠላሳ አንዱ አንዱም ግማሽ አይደርስም።

ከሁሉ በታች የነበረው ወረቀት የተለየ ነው። ቀኑ ዶክተሩ ከመሞታቸው ሁለት ቀን በፊት፣ ዓርብ ነው። በምናሴ ወሰን የተሠራ ስሌት ነው፤ ድርሻው ላይ አሥራ ዘጠኝ ይላል። አሥራ ዘጠኟ በቀይ እስክሪብቶ ተከብባለች። ከጎኗ ምንም አልተጻፈም።

"ምን ይላል?" አሉ ወይዘሮ ሸዋዬ ከበላዩ ቆመው።

"ስሌት ነው፣ እትዬ።"

"ስምህን አያለሁ እኮ።"

"የኔን ሥራ ነው ያሰሉት።"

"አየህ፤ እስከ መጨረሻው ስላንተ ሲያስብ ነበር" አሉ። ምናሴ ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።

ጀሊላ ግን አይታ ነበር። ካርቶኑን ወደ ባጃጅ ሲያወርዱ "ድርሻውን አየሁት" አለችው ቀስ ብላ። "ጥናትህ ውስጥ ያ ዓምድ የለም።"

"ሠንጠረዡ ሰፍቶ ነው።"

"ምናሴ፣ እኔን ነው የምታታልለው?"

ካርቶኑን ባጃጁ ላይ አስቀመጠ።

"እኔ ፈታኝ አይደለሁም" አለች ጀሊላ፤ "ለማንም አልናገርም። ግን ሐሙስ ቀን እዚያ ስትቆም ፊትህ እንደ ዛሬ ከሆነ፣ መናገር የሚያስፈልገው ሰው የለም።"

ከሰዓት በኋላ ወደ ወደቡ ሄደ። ጋሽ ሰላህ አንድ የጀልባ ሞተር ፈትተው ብረቱን በጋዝ ያጥባሉ። ከበስተጀርባቸው ውኃው ላይ እምቦጭ ተኝቶበት ሐይቁ ሜዳ መስሏል።

"ቁጭ በል" አሉት፤ "እጄ ቆሻሻ ነው፣ አልጨብጥህም።"

"ጋሽ ሰላህ፣ ያን እሑድ ዶክተር የነገሩዎትን ልጠይቅዎ ነው የመጣሁ።"

"ድንኳኑ ውስጥ ሰምተኸኛል።"

"ሁሉንም አልነገሩም።"

ጋሽ ሰላህ ብረቱን አገላብጠው አዩት። "ለቅሶ ቤት ሰው መሃል የማይባል ነገር አለ" አሉ። "ይህን ያህል ቀን ሳትመጣ ስትቀር የማትመጣ መስሎኝ ነበር። እሺ። 'ቁጥሩ አይቆምም' ሲለኝ፣ 'ማን ነው የሠራው?' አልሁት። 'ተማሪዬ' አለ። 'ያውቃል?' አልሁት። 'ያውቃል' አለኝ።"

ምናሴ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

"'ታዲያ ጠርተህ አትጠይቀውም ወይ?' አልሁት። 'እኔ ጠይቄ ካወጣሁት የኔ ነው የሚሆነው፤ ራሱ ይዞት ይምጣ፣ እጠብቀዋለሁ' አለኝ። 'ማሽኑን አዝዤዋለሁ፤ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖርለታለሁ፤ አንዱን ሲያይ ይመጣል' አለ። ወደ ወደቡ ስንመለስ ፊቱ ፈታ አለ። የሚሆነውን አድርጌያለሁ ያለ መሰለኝ። እንግዲህ ሸዋዬ ያየችው ያን ይሆናል። እኔ አላውቅም። እሷም አልዋሸች፣ እኔም አልዋሸሁ።"

"ተቆጥተው ነበር?"

"ቢቆጣ ይሻልህ ነበር" አሉ ጋሽ ሰላህ።

አንድ ዓሣ አጥማጅ ታንኳውን እምቦጩ ውስጥ እየጎተተ አለፈ። ምናሴ አንድ ነገር ያስብ ነበር፤ ሰው ከሞተ በኋላ መጠበቁን ያቆማል ወይ? ወረቀቱን ያተመው ማሽን ነው፤ መልሱ የሚጻፍበት ባዶ መስመር ግን እየጠበቀ ነው። ዛሬ ጀሊላ ማሽኑን ነቅላዋለች። መስመሩ ግን አልተነቀለም።

"ልምከርህ?" አሉ ጋሽ ሰላህ።

"ይምከሩኝ።"

"አልመክርህም። እሱ ያልመከረህን እኔ እንዴት እመክርሃለሁ? አባቴ ደልጊ ላይ እህል ሲነግዱ፣ የተበላሸ ጆንያ ከሥር አድርገው አይጭኑም ነበር፤ ይኼ የንግድ ነገር ነው፤ ያንተን ሥራ አላውቅ።"

ረቡዕ ጠዋት ወይዘሮ ሸዋዬ ቤት ሄደ። ሳይሰሙ ሐሙስ ቢደርስ ነውር መሰለው። ከጠረጴዛው ላይ የመጽሔቱ የይሁንታ ደብዳቤ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። የዶክተሩ ስም ከላይ፣ የእሱ ከሥር።

ሁሉንም ነገራቸው። ዓምዱን መቁረጡን፣ ማቀፋቸውን፣ ቀይ ክቡን፣ ጋሽ ሰላህ ያሉትን። ሲናገር የሚሳሳትበት ቃል እንዳይኖር ቀስ እያለ ነበር። ወይዘሮ ሸዋዬ አላቋረጡትም።

"እንግዲህ ለኔ አለቀ ያለኝ ውሸት ነው?" አሉ ሲጨርስ።

"አይደለም። የእሳቸው ድርሻ አልቆ ነበር። የኔ ነው ያላለቀው።"

"ጽሑፉስ?"

"ቁጥሩ ከውስጡ ከተነሣ ጽሑፍ አይሆንም። መጽሔቱ መልሱልን ብንለው ይመልሳል፤ ከጽሑፉ ምንም አይቀርም።"

"ሃያ ስምንት ዓመት አስተምሮ ከስሙ ጋር የሚወጣለት የመጨረሻ ሥራ ይኼ ነው። ይኼን ደብዳቤ ያየ ዕለት ልጅ ይመስል ነበር" አሉና ደብዳቤውን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ድምፃቸው ከፍ አላለም። "አንድ ጊዜ ቀበርሁት፣ ምናሴ። አሁን አንተ ሁለተኛ ልትቀብረው ነው?"

ምናሴ ደብዳቤውን አየ።

"አንተስ? ሥራው ይቀርብሃል አይደለም?"

"ሳይቀር አይቀርም።"

"እናትህ መሸንቲ ምን ትላለች?"

"አላወቀችም ገና።"

"እና ማን ነው በዚህ የሚጠቀም?" አሉ። ንዴት አልነበረባቸውም፤ በእርግጥ ማወቅ ፈልገው ነበር። "እሱ ሞቷል። አንተ ትጎዳለህ። እኔ ያለችኝን አንዲት ነገር አጣለሁ። ያ ቅንጣት የምትሉት ኖረ አልኖረ፣ እዚህ አገር በእሱ የሚያድር ሰው የለም። ተወው ልጄ። ዝም ብለህ እለፍ። እኔ አላየሁም፣ አልሰማሁም።"

ምናሴ እሳቸው ያሉትን ከልቡ መዘነው። ስሕተት አላገኘበትም። ከሦስቱ አንዱም የሚጠቀም የለም። ተነሥቶ እጅ ነሣና ወጣ፤ "እለፍ" ያሉት ቃል እስከ ዋናው መንገድ አብሮት ሄደ። መንገዱ ዳር ያሉት ዘንባባዎች ሥር ሲደርስ ውሳኔ የያዘ መሰለው፤ ሊያልፍ ነው። ትከሻው ቀለለ። ምሳውን በላ። ከሰዓት በኋላ ስላይዶቹን ደግሞ ደጋግሞ ተለማመደ፤ አንዴም አልተሰናከለም።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ አዳራሹ ግማሽ ሞላ። ሦስት ፈታኞች ከፊት ተቀመጡ። የውጭ ፈታኟ ዶክተር ፀሐይወርቅ ከሌላ ከተማ የመጡ፣ መነጽራቸውን ጸጉራቸው ላይ የሰኩ፣ ፈገግታ የማይነፍጉ ሴት ናቸው። ዶክተር አንዳርጋቸውን በወጣትነታቸው ያውቋቸው ነበርና በመጀመሪያ ለነፍሳቸው አንድ ደቂቃ እንዲቆም አደረጉ። ሁሉም ቆመ። በዚያች ደቂቃ ምናሴ ከኋላ ወንበር ጥቁር የለበሱ ሴት አየ፤ ወይዘሮ ሸዋዬ ናቸው። ይመጣሉ ብሎ አላሰበም ነበር። አጠገባቸው ጀሊላ አለች።

አቀረበ። እንደተለማመደው አንዴም ሳይሰናከል አቀረበ። ድርሻ የሚለው ዓምድ የሌለበት ሠንጠረዥ መጣ፤ አለፈ። ጠፍጣፋው መስመር መጣ። ከአንደኛው ፈታኝ "ጥሩ ረግቷል" የሚል ድምፅ ተሰማ። ምናሴ መስመሩን ሲያየው ጉም መሰለው፤ ከጉሙ ውስጥም ታንኳ አላየም፤ ሰው ብቻ አየ፤ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው። ስላይዱን ቀየረ፤ ሰውየው አልሄደም።

ጥያቄ ተጀመረ። ሁለቱ ፈታኞች ስለ ፊደል ግድፈትና ስለ ማጣቀሻ ጠየቁ። ተራው የዶክተር ፀሐይወርቅ ሆነ።

"በጣም ጥሩ ሥራ ነው" አሉ፤ "እኔ የምጠይቅህ አንዲት ነገር ብቻ ናት፤ ለመዝገቡ ያህል። ወሰኑን አራት ነጥብ ሰባት ሁለት ላይ ያደረግኸው በምን ምክንያት ነው? ከቀደሙ ሥራዎች ጋር ስለሚስማማ ነው አይደል?"

መልሱን ራሳቸው ሰጥተውታል። "አዎ" ማለት ብቻ ነው የቀረው። ብዙ ሰው አዎ ብሎ ያልፋል፤ አልፎም ጥሩ መምህር ይሆናል። ምናሴ አፉን ከፈተ፤ ቃሉ አልወጣም። አዳራሹ ዝም ብሎ ጠበቀው። ያ ዝምታ ሳምንታት ሙሉ የሚያውቀው ዝምታ ነበር፤ ከማተሚያው ጉርምርምታ በኋላ የሚመጣው። በዚህ ዝምታ ውስጥ ዕድሜ ልኩን ሊኖር እንደሆነ ታየው፤ በሚያስተምርበት ክፍል ሁሉ፣ አንድ ተማሪ ሮጦ መጥቶ "ረጋ" ባለው ቁጥር።

ወደ ኋላ ተመለከተ። ወይዘሮ ሸዋዬ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተዋል፤ ራሳቸውን አልነቀነቁም፣ አልወዘወዙም።

"አይደለም፣ ዶክተር" አለ። "ምክንያት የለኝም። ከውጭ የተሰማው ቁጥር እንዲወጣ ነው የገፋሁት። የቅንጣቱ ድርሻ አሥራ ዘጠኝ በመቶ ነው፤ ከሠንጠረዡ የቆረጥሁት እኔ ነኝ፤ ዶክተር አንዳርጋቸው አልቆረጡም፤ እሳቸው ራሳቸው አሰልተው ደርሰውበታል።"

ዶክተር ፀሐይወርቅ መነጽራቸውን ከጸጉራቸው አውርደው ዓይናቸው ላይ አደረጉ። "ምን እያልህ እንደሆነ ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ። ጥናቱን ዛሬ አንሥቻለሁ፤ እንዳታሳልፉኝ እለምናለሁ። ጽሑፉንም ከመጽሔቱ እመልሰዋለሁ፤ ደብዳቤውን የምጽፈው በራሴ ስም ብቻ ነው። እሳቸው የሠሯቸው ሠላሳ አንድ ስሌቶች አሉ፤ 'በዚህ መንገድ ቅንጣቱ አልታየም' ብዬ በእነሱ ላይ እንደ አዲስ እጽፋለሁ፤ የመምህርነቱ ቦታ ቢያልፈኝም እጽፋለሁ።"